የጣና የዓመቱ ምርጥ ፈጻሚ

ፈጠራን በቁጥር ካልለካን የሚል የባሕር ዳር ዕቅድ ባለሙያ ካለ፣ የቢኤስሲ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ቅጹን ይዞ ወደ ሐይቁ ይውረድ። የእምቦጭ አረምን የሚስተካከል አያገኝም፤ ጣና ላይ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ታየ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ቅርንጫፍ ሲከፍት በጀት አይጠይቅም። ዕድገት፦ «እጅግ በጣም ከፍተኛ»።

የደንገል ታንኳ ሠሪው ግን በምዘናው ወድቋል። እርግጥ ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1969 (እ.ኤ.አ.) አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ሊያቋርጥ ሲነሣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር፤ ምን ይደረግ፣ ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለም። ቃለ ጉባኤ፦ ዜሮ። ሥልጠና፦ ዜሮ። የአንድ ለአምስት ቡድን ውይይት ላይም አልተገኘም፤ ደንገል እያጨደ ነበር አሉ። የማሻሻያ ዕቅድ፦ ስለ ፈጠራ የሁለት ቀን ሥልጠና ይውሰድ፤ አበሉ ለአሠልጣኙ።