የውጭ በር ቁልፍ ቅየራ፤ በአንድ በር ላይ የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት የመጀመሪያ እንቅፋት ቋንቋው ነው። አማርኛ በሩ ላይ የሚገጠመውንም፣ ኪስ ውስጥ የሚያዘውንም፣ ሸሚዝ ላይ የሚደረደረውንም «ቁልፍ» ይለዋል። አንድ ሰው «ቁልፌ ተበላሸብኝ» ብሎ ቢያማርር፣ ጎረቤቱ ባለሙያ ይጥራ ወይስ መርፌና ክር ያቅርብ፣ እስካሁን በሳይንስ አልተወሰነም። ከዚህ ግርግር ያመለጠው ጓጉንቸር ብቻ ነው። ለጥናቱ ሲባል ግን ኪስ የሚገባው «መክፈቻ» ተብሏል።

ናሙናው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ በር ነው። የዚያው ኮሪደር ሌሎች በሮች ወለል ብለው ተከፍተው ስለተገኙ ከጥናቱ ወጥተዋል።

የቅየራው መነሻ ሌባ አይደለም። የቀድሞው ተከራይ ቤቱን ሲለቅ ሦስት መክፈቻ መልሶ፣ አራተኛውን «ፈልጌ አመጣለሁ» ብሎ ሄደ። በዘርፉ የተለመደው፣ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸው ውሻ ስልት ነው። እዚህ ግን ጅቡ ገና አልመጣም፤ የጥናቱ ብርቅነትም እዚህ ላይ ነው።

ቀደምት ሥራዎች ሲፈተሹ ለንደን ላይ ይደረሳል። ጆሴፍ ብራማህ የተባለ ቁልፍ ሠሪ እ.ኤ.አ. ከ1790 ጀምሮ አንድ ጓጉንቸር በሱቁ መስኮት አስቀምጦ፣ ያለ መክፈቻ ለሚከፍት 200 ጊኒ እሸልማለሁ አለ። ሰውየው ሞተ፣ ጓጉንቸሩ አልተከፈተም። በ1851 አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ መጥቶ በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ያህል ታግሎ ከፈተው። (51 ሰዓት የሚታገሥ ሌባ ቢገኝ፣ በማንኛውም መሥሪያ ቤት ያለ ፈተና በተቀጠረ።) በ1861 ደግሞ ሌላው አሜሪካዊ፣ ታናሹ ላይነስ ዬል፣ ዛሬ የአብዛኛው ሰው በር ላይ ላለው ሲሊንደር መሠረት የሆነውን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የመክፈቻው ጥርሶች ሲገቡ፣ በሞላ የሚገፉ ትንንሽ ዘንጎችን እያንዳንዳቸውን በልካቸው ያነሳሉ። ሁሉም በአንድ መስመር ከቆሙ ሲሊንደሩ ይዞራል፤ አንዷ ካፈነገጠች አይዞርም። የብሎኩ ኮሚቴም በዚሁ ደንብ ስለሚሠራ የደረጃው መብራት እስካሁን አልበራም።

ወደ ናሙናው በር ስንመለስ፣ መዝጊያው ውስጥ የተቀበረው የቁልፉ ሣጥን ደህና ስለነበር ሲሊንደሩን ብቻ መለወጥ ይበቃ ነበር። አሁን በቤቱ የሚኖረው አባወራ የአሮጌውን ርዝመት በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ይዞ መርካቶ ድረስ ወሰደው። በደኅንነት ጥናት ላይ የሌባ ጣት መሳተፉ ለታሪክ ሊመዘገብ ይገባል።

«ኦሪጅናል ነው ኖርማል?» አለ ባለሱቁ።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ኦሪጅናሉ ኦሪጅናል ነዋ፣ ጋሼ!»

በዚህ ማብራሪያ መሠረት ኦሪጅናሉ ተገዛ። ሲገጠም ግን በሁለቱም በኩል አምስት አምስት ሚሊ ሜትር ብቅ ብሎ ቀረ። በሩ የሚፈልገው ሲሊንደሩን ከሚይዘው ብሎን ቀዳዳ መሀል ወደ ውጭ 30፣ ወደ ውስጥ 30፣ በድምሩ 60 ሚሊ ሜትር ነው። የሌባ ጣት ያመጣው 70 ነበር። ቤተሰቡ «ያምራል» ሲል አጸደቀው።

በማግስቱ የተጠራው ቁልፍ ቀራጭ ብቅ ያለችውን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ለሌባ እጀታ ናት» አለ። ሲሊንደር በጣም የሚሳሳው መሀሉ ላይ፣ ብሎኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ዘንድ ነው። አለቅጥ ብቅ ያለውን በፒንሳ ቆልምሞ እዚያው ላይ መስበር ይቻላል። ከመሸፈኛው ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይወጣ የሚመከረው ለዚህ ነው። 60ው ተገዝቶ መጣ፤ በዚህኛው ጉዞ ማስመሪያ ነበር።

አወጣጡ አንድ ምሥጢር አለው። አባወራው በመዝጊያው ጠርዝ ላይ ያለውን ረጅም ብሎን በካቻቪቴ ፈትቶ ሲሊንደሩን ቢጎትት፣ ቢገፋ፣ ቢማጸን እምቢ አለ። ቁልፍ ቀራጩ መክፈቻውን ከትቶ ትንሽ ዘወር ሲያደርገው፣ መሀል ላይ ያለችው ምላስ ከገላው ጋር ተስተካክላ ሲሊንደሩ ሹልክ ብሎ ወጣ። አዲሱም በዚያው መንገድ ገባ። ከዚያ በሩ እንደተከፈተ ደጋግሞ አስቆለፈው፤ ዘግቶ መሞከር፣ እምቢ ያለ ዕለት፣ ውጭ ማደርን ያስከትላል።

ከሲሊንደሩ ጋር አምስት መክፈቻ መጥቷል። አንዱ ለአባወራው፣ አንዱ ለሚስቱ፣ አንዱ ለትልቁ ልጅ፣ አንዱ «ድንገት ቢጠፋብን» ተብሎ ፊት ለፊት ላሉት እትዬ ተሰጠ። አምስተኛው ቆጣሪው ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ቦታውን የሚያውቁት ቤተሰቡ፣ እትዬ፣ የእትዬ ልጆችና ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ ብቻ ናቸው።

የዚያኑ ቀን ወደ ማታ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሳለ፣ የቀድሞው ተከራይ አራተኛውን መክፈቻ ይዞ መጣ። በሩ ክፍት ስለነበር አላንኳኳም።