የአሰልጣኝ ጥርስ፦ በባቲ ኳስ ተመልካቾች ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን እስካሁን የታወቀችው በሁለት ነገር ነው፤ በሰኞ ገበያዋና ስሟን በያዘው ቅኝት። ይህ ጥናት ሦስተኛ ይጨምራል። በባቲ ለማንቸስተር ዩናይትድ የሚበጀው አሰልጣኝ ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። አጥኚው እንዲህ ያለ ሰው ፍለጋ ብዙ ደክሟል። በመጨረሻ ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው ተገኝቶ ነበር፤ ሲጠየቅ ግን የአርሴናል ደጋፊ ሆነ። እሱም መልሱን ያውቃል፤ የሚደብቀው ዩናይትድ እንዳይሰማ ነው።

የጥናቱ ቦታ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ በቆርቆሮ የተሠራ ኳስ ማሳያ ቤት ነው። ጊዜው ከቅዳሜ ከሰዓት እስከ ሰኞ ገበያ መበተኛ። ዘዴው ደግሞ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ደብተር ከፍቶ፣ ምንም ሳይናገሩ መታዘብ ነበር። አጥኚው የሊቨርፑል ደጋፊ በመሆኑ ዘዴው የቆየው እስከ መጀመሪያው የማዕዘን ምት ድረስ ነው።

ወደ ግኝቱ ከመግባታችን በፊት የቃላት ፍቺ ያስፈልጋል። «አብሽር» ቀጣዩ ጨዋታ ይሻላል የሚል ትንበያ ሲሆን ማስረጃ አይጠየቅበትም። «ወላሂ» የስታቲስቲክስ ሊቃውንት የመተማመኛ ደረጃ የሚሉት ነው። አንድ ጊዜ ከተባለ ተናጋሪው ነገሩን ከሰው ሰምቷል። ሁለት ጊዜ ከተባለ በዓይኑ አይቷል። ሦስት ጊዜ ከተባለ ግን ራሱም መጠራጠር ጀምሯል ማለት ነው፤ አድማጭ ይህን ይወቅ። «ምርቃና» ደግሞ ማንኛውም እጩ አሰልጣኝ ዋንጫ ሊያነሳ እንደሚችል የሚታይበት የቀን ክፍል ነው። ምርቃናው የሚሰበርበት ጨብሲ ላይ ሲደረስ ያው እጩ ቡድኑን ወደ ታችኛው ሊግ ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ በባቲ የተሰጠ የአሰልጣኝ ግምገማ ሰዓቱ ካልተጻፈበት ለሳይንስ አይጠቅምም።

ቤቱ ውስጥ ሁለት የአስተሳሰብ ጎራዎች አሉ። የዓይን ጎራ የሚመራው በግመል ተራ ዕድሜያቸውን በጨረሱ ደላላ ነው፤ ሁሉም ሐጂ ይሏቸዋል። የቁጥር ጎራ የሚመራው በአንድ የሒሳብ መምህር ሲሆን ምክትሉ የባጃጅ ሾፌር ነው። የሾፌሩ ምሁርነት ከውርርድ ቤት የመጣ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያሉት ያልሰመሩ ትኬቶች በአንድነት ቢጠረዙ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣቸዋል። ሦስተኛ ጎራም አለ፤ ከፈርጉሰን በኋላ ኳስ የለም ብሎ የሚያምን፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የተደረገውን ሁሉ በትዝታ ቅኝት የሚያይ። ይህን ሳይ ተመልካቹን ሁሉ በአራቱ ቅኝቶች ለመደልደል ሞክሬ ነበር። አምባሰል ላይ የሚቀመጥ ሰው ስላጣሁ ተውኩት።

ክርክሩ የተቀጣጠለው መምህሩ «ኤክስ ጂ» ያለ ዕለት ነው። ነገሩ አይከብድም። አንድ ምት ከተመታበት ርቀት፣ ከማዕዘኑና ከአመታቱ ተነስቶ ጎል የመሆን ዕድሉ ስንት ነው ተብሎ ከዜሮ እስከ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፍጹም ቅጣት ምት ለምሳሌ 0.8 ገደማ ያገኛል። ሐጂ በጥሞና ሰሙ።

«አንተ መምህር፣ የግመል ስምንት አሥረኛ ሲሸጥ አይተህ ታውቃለህ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን የዋዛ አልነበረም። «ሐጂ፣ በአረፋ ሰባት ሆነን አንድ በሬ የምናርደውስ? የእያንዳንዳችን ድርሻ አንድ ሰባተኛ አይደል? በኤክስ ጂ ቢሰላ 0.14 ነው፤ ከሳጥን ውስጥ የተመታ ደህና ኳስ ማለት።»

ሐጂ ትንሽ አሰቡ። «እሱ ሥጋ ነው፤ ይበላል» አሉ።

በኳስ ጥናት ዓለም ለዚህ ክርክር አባት የሚባለው ቻርልስ ሪፕ የተባለ የእንግሊዝ አየር ኃይል የሒሳብ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1950 ስዊንደን ውስጥ ጨዋታ እያየ በመጀመሪያው አጋማሽ ተሰላችቶ፣ በእረፍት ሰዓት እርሳስ አውጥቶ ሁለተኛውን አጋማሽ መቁጠር ጀመረ። ከዚያ በኋላ አላቆመም። የደረሰበት ድምዳሜ ኳስን ወደ ፊት መጠለዝ ነበር፤ ብዙዎች የእንግሊዝን ኳስ ያበላሸ እሱ ነው ይላሉ። ሐጂ ይህን ሲሰሙ «ቆጥሮ የማያውቅበት ሰው ከማይቆጥር ይብሳል» ብለው አለፉ። ይህች አባባል ለመምህሩ ወገን ድል ትሁን ሽንፈት እስካሁን አልተወሰነም።

ዋናው የጥናቱ ግኝት የተገኘው ግን በዩርገን ክሎፕ ጉዳይ ላይ ነው፤ አጥኚው እዚህ ላይ ገለልተኛ ለመሆን ታግሏል። ክሎፕ እ.ኤ.አ. በ2014/15 ዶርትሙንድን በቡንደስሊጋው ሰባተኛ አድርጎ ነው የለቀቀው። በዓይን ካየኸው ያለቀለት ሰው ነው። ሊቨርፑል ውስጥ ኢያን ግራሃም የሚባል ፊዚክስ የተማረ ሰው የዚያን ዓመት ጨዋታዎች በስሌቱ አሳልፎ፣ ቡድኑ በአጨዋወቱ ሁለተኛ መሆን ነበረበት፤ ያጣው ዕድል ነው አለ። ክሎፕ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን፣ በ2020 ደግሞ ሊቨርፑል ሠላሳ ዓመት የጠበቀውን የሊግ ዋንጫ አመጣ።

መምህሩ ይህን ተናግሮ ተቃውሞ ሲጠብቅ ሐጂ ቀና ብለው ተቀመጡ። «ይኼማ የኛ ሥራ ነው!» አሉ። ግመል ከአፋር በረሃ ከስቶ ሲመጣ ያላወቀ ሰው ንቆ ያልፈዋል። ያወቀ ግን ክሳቱ የድርቅ ነው ወይስ የበሽታ ብሎ ይለያል፤ የድርቅ ከሆነ በርካሽ ገዝቶ ዝናብ ይጠብቃል። ጥርሱ ይቆጠራል። ጉልበቱ ይዳሰሳል። ሻኛው ይታያል። በስንት ሰኞ ስንት ጊዜ ገበያ እንደወጣ ይጠየቃል። ሦስት ሰኞ ወጥቶ ሦስት ጊዜ የተመለሰ ግመል አንድ የተደበቀ ነገር አለው። ሾፌሩ ከዳር «ሞሪንሆ!» ብሎ ጮኸ።

ይህ አጥኚ እዚህ ላይ ደብተሩን ዘግቶ አሰበ። በቤቱ ውስጥ ከሁሉም በላይ ቁጥርን የሚንቁት ሰው፣ ጥርስ ሳይቆጥሩ አንድ ብር ከኪሳቸው አውጥተው አያውቁም። ቁጥሩን የሚሰብከው መምህር ደግሞ የሚደግፈውን ክለብ የመረጠው በማሊያው ቀለም ነው።

በእግረ መንገድ የተገኘ አንድ ነገር እዚህ ይመዝገብ። ቫን ሃል ከዩናይትድ የተባረረው በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 15 ቀን 2008 ነው፤ ሰኞ። ላምፓርድ ከቼልሲ ጥር 17 ቀን 2013፤ ሰኞ። ሞሪንሆ ከቶተንሃም በዚያው ዓመት ሚያዝያ 11፤ ሰኞ። ቴን ሃግ ከዩናይትድ ጥቅምት 18 ቀን 2017፤ ሰኞ። ሞዬስ ከዚያው ክለብ በይፋ የተሰናበተው ሚያዝያ 14 ቀን 2006 ማክሰኞ ቢሆንም ወሬው የወጣው ሰኞ ነው። አውሮፓ አሰልጣኝ የሚያሰናብተው በባቲ የገበያ ቀን ነው ማለት ነው። እሑድ የተባረሩትን ሶልሻየርንና ፖተርን፣ ዓርብ የተባረረውን ኤመሪን ጠቅሶ የሚከራከር አይጠፋም። እነሱ ከጥናቱ ወጥተዋል፤ ሲያስቸግር የወጣ መረጃ በሳይንስ አዲስ ነገር አይደለም።

ከዚያ ወሬው ወደ ዋልያዎቹ ዞረ፤ ቤቱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። በብሔራዊ ቡድን ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ማስታወስ ራሱን የቻለ የስታቲስቲክስ ዘርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ብቻ ቡድኑ ኢፊ ኦኑራን ሸኘ፤ ቶም ሴንትፊትን ተቀብሎ ሸኘ፤ ሰውነት ቢሻውን ተቀበለ። ሰውነት ከ31 ዓመት በኋላ አገሪቱን ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አበቃ፤ ያን ጊዜ ስለ ኤክስ ጂ የጠየቀ የለም። ውበቱ አባተም ቡድኑን ወደ ካሜሩኑ ውድድር ወሰደ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ደግሞ ለአፍሪካ ጨዋታ የሚፈቀድ ሜዳ በአገር ውስጥ ስላልነበረን፣ ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ «በሜዳችን» ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። የትዝታ ጎራው እንባ አቀረረ። መምህሩ ሳላህ እንዳልተሰለፈ ሊያነሳ አፉን ከፍቶ፣ ዙሪያውን አይቶ መልሶ ዘጋው። ይህም ቁጥር ማወቅ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

በመጨረሻም በእኛ አቆጣጠር የ2005ቱ ነገር ተነሳ። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን፣ ለዓለም ዋንጫው የመጨረሻ ማጣሪያ አልፈናል ብለን መንገድ ላይ ወጥተን ስንጨፍር፣ ፊፋ ፋይል ከፍቷል ተባለ። ከሳምንት በፊት ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ስንረታ የተሰለፈው ተጫዋች በተለያዩ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ አይቶ ስለነበር ማረፍ ነበረበት። ሦስት ነጥባችን ተወሰደ። በኋላ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን ማለፉንስ አለፍን፤ ናይጄሪያ በደርሶ መልስ ጣለችን እንጂ። ነገር ግን ያን ክረምት የጎደለን ስሌት ምን ዓይነት ነበር? ሳተላይት አይጠይቅም፤ የፊዚክስ ዶክተርም አይፈልግም። ሁለት ጣት ይበቃል።

«እኔ ብጠየቅ» አሉ ሐጂ፣ «አሰልጣኙ ፈረንጅም ይሁን ሐበሻ፣ አጠገቡ የገበያ ሰው አስቀምጡለት። ጥርስ የቆጠረ ካርድ አያቅተውም።»

መምህሩ ዝም አለ። በማግስቱ ሰኞ ግን ፍየል ሊገዛ ገበያ ወጥቶ አገኘሁት፤ ሐጂም ለአንድ ወዳጃቸው ሊያሻሽጡ እዚያው ነበሩ። የፍየሉን ከንፈር ገልበው አዩና «ሁለት ዓመቱ ነው» አሉት።

«እርግጠኛ ነዎት ሐጂ?»

«ወላሂ። ወላሂ። ወላሂ።»

መምህሩ በጣቱ ሦስት ቆጠረ፤ አመስግኗቸው ወደ ቀጣዩ ፍየል ሄደ።