ልክ አይደለም? በማን ልክ?

«ያስገቡት ዚፕ ኮድ ልክ አይደለም» ይላል ፎርሙ። በማን ልክ? የአዲስ አበባ የፖስታ ኮድ 1000 ነው፣ አራት አሃዝ። አንተ አምስት ካልሞላ ወይ ፍንክች! አገር ምረጥ ስትለኝ ኢትዮጵያ ብዬ መርጬልህ የለም እንዴ? ካልሰማኸኝ ለምን ጠየቅኸኝ?

«ዚፕ ኮድ እኮ አምስት ቁጥር ነው» ይላል ፕሮግራመሩ። የአሜሪካ ነዋ! እሱም እ.ኤ.አ. በ1963 በአምስት ቁጥር ተጀመረ፤ በ1983 ሰረዝና አራት ቁጥር ተጨምሮለታል። ለአሜሪካ ሰው እንኳ መች አወቅህበት? ቦስተን ያለው ወገናችን 02108 ብሎ ይሞላልሃል። አንተ እንደ ሒሳብ ቁጥር ዳታቤዝ ውስጥ ትከተዋለህ፣ ዜሮዋ ትጠፋለች፣ 2108 ይቀራል። ሰውየው አድራሻውን ሊያስተካክል ሲመለስ «አንድ ቁጥር ጎድሏል» ትለዋለህ። ማን አጎደለበት? ይህ ነገር አይደመር፣ አይባዛ፤ ጽሑፍ ነው፣ እንደ ጽሑፍ አስቀምጠው።

«ፊደል አይፈቀድም።» ታዲያ ለንደን የት ትግባ? ቶሮንቶስ?

«እሺ፣ ፊደል ይግባ፤ ክፍት ቦታ ግን አይቻልም።» የካናዳ ኮድ ሦስት ሆሄ፣ ክፍት ቦታ፣ ደግሞ ሦስት ሆሄ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ክፍቷን ማጥፋት ላንተ የአንድ መስመር ኮድ ሥራ ነው፤ ሰው ላይ በቀይ ከምትጮህ አጥፋትና እለፍ። ማጣራት ካማረህ ቁም ነገሩ እዚህ አለልህ፦ ካናዳ «ኦ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል በኮዷ አትጠቀምም፣ ከዜሮ ጋር ይምታታልና። ሰው በዜሮ ፈንታ «ኦ» ቢጽፍ ያን ጊዜ ንገረው፤ ያመሰግንሃል።

«ባዶ አይታለፍም።» ዱባይ ያለችው እህታችን ምን ትሙላልህ? ኤምሬትስ የፖስታ ኮድ የላትም፤ እዚያ ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው የሚደርሰው። ሆንግ ኮንግም ኮድ የላትም። ልጅቷ ቸኩላለች፣ አምስት ዜሮ ደርድራ ታልፋለች። እውነቱን ከልክለህ ውሸቱን አስገባህ፤ ከዚህ የባሰ ዘበኛ ከየት ይመጣል?

«የማላውቀውን አገር እንዴት ላስብ?» ያላዩት አገር አይናፍቅም። እሺ፣ አይናፍቅህ፤ መኖሩን ግን አትካድ።

«አንዴ ደንቡን ጽፌ ጨርሻለሁ።» እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2013 ከአምስት አሃዝ ወደ ሰባት ስትዞር ነግራህ ነበር? አየርላንድ እስከ 2015 አገር አቀፍ ኮድ አልነበራትም፤ ዛሬ ሰባት ሆሄ አላት። የጻፍከውን እየተመለስክ እየው።

እባክህ ጌታው፣ አገሩን አስቀድመህ ጠይቅና በዚያው አገር ደንብ አጣራ። ደንቡን ካላወቅህ ሰው የሞላልህን ተቀበል፤ የቤቱን አድራሻ ካንተ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ኤምሬትስ ስትመረጥ ደግሞ የኮዱን ሣጥን ከፎርሙ ላይ አንሣት።