ከኮርኒስ በላይ

አዲስ አበባ ውስጥ ኮርኒስ ያለው ቤት ሁሉ ጂ ፕላስ ዋን ነው። ካርታው ላይ እንዲያ ተብሎ አልተመዘገበም፤ መሐንዲስም አላየውም። ግን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ መብራት አጥፍታችሁ ጋደም በሉ፤ ላይኛው ፎቅ ሥራ ይጀምራል። ዕቃ ይጎተታል፣ ልጅ ይባረራል፣ ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ አንድ ክብ ነገር ከጥግ እስከ ጥግ ይንከባለላል። የጣሪያና ግድግዳ ግብር የምንከፍለው እኛ፤ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል የሚንደላቀቁት እነሱ።

የምንኖረው አባቴ በሠሩት የጭቃ ቤት ነው። ኮርኒሱ ድሮ አቡጀዲ ነበር። እናቴ እንደምትለው በአቡጀዲው ዘመን አይጥ ከላይ ስትራመድ የእግሯ ቅርጽ ከታች ስለሚታይ እኛ ልጆቿ በመጥረጊያ እንጨት እየተከተልን እንነካካት ነበር። ኋላ ኑሮ ሲሻሻል ችፑድ ገባ። ችፑዱ አይጧን ደበቃት፤ ድምጿን ግን አበዛው። ሩብ ኪሎ የማትሞላ ፍጥረት ችፑድ ላይ ስትሮጥ ሰንጋ የሚነዳ ይመስላል።

ኮርኒስ የምትመርጠው ጥቁሯ አይጥ ናት። ቡናማዋ ዘመዷ ኑሮዋ ከቦይና ከጉድጓድ ጋር ነው፤ የጥቁሯ ልብ ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ከአካሏ የሚረዝመውን ጅራቷን ሚዛን መጠበቂያ አድርጋ በመብራት ሽቦ ላይ ተራምዳ ትገባለች። የፊት ጥርሶቿ ዕድሜ ልኳን ያድጋሉ፤ በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ። ስለዚህ ሌሊቱን ስትፈገፍግ የምታድረው ርቧት ብቻ አይደለም፤ ጥርሷን እየፋቀች ካላሳጠረች መብላትም ያቅታታል። እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። የተወለዱት ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ለወላጅነት ይደርሳሉ። እኛ አንዲት ልጃችንን አንድ ክፍል እስክናሳልፍ እነሱ ቅድመ አያት ይሆናሉ።

አንድ እሑድ ቡናው ላይ ጉባኤ ተቀመጥን። እናቴ ሦስተኛው እስኪቀዳ እንኳ አልጠበቀችም፤ «መርዝ!» አለች።

በሰፈራችን መርዝ ለመግዛት ከቤት መውጣት አያስፈልግም። በድምፅ ማጉያ የተቀዳ ድምፅ እየለቀቀ የሚዞር ሻጭ አለ፤ «የአይጥ! የበረሮ! የትኋን! የቁንጫ!» ይላል ማጉያው፣ ትንፋሽ ሳይወስድ። ፌስታሉ ላይ ምን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ የለም። እኔን የሚያሰጋኝ ይኸው ነው፤ ለአራት ጠላት አንድ ዱቄት። በዚያ ላይ ሕፃን፣ ዶሮና ውሻ የሚርመሰመስበት ግቢ ነው።

ልጄ ስልኳን አውጥታ ታነብ ጀመር። በዓለም ላይ ስሙ ከታወቀ የአይጥ መርዝ አንዱ ዋርፋሪን ይባላል አለች። ነገሩ የጀመረው ከከብት ነው። በ1920ዎቹ (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው) በካናዳና በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜናዊ ክፍል የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ነበር። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥፋተኛውን ከድርቆሹ ውስጥ ለይተው አወጡት፤ ከዚያ የተወለደው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ መርዝነት ገበያ ላይ ዋለ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ለሰው የደም ማቅጠኛ ሆነ፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም በ1955 ልባቸውን ሲያማቸው ታክመውበታል።

አባቴ ሲኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ከኮታቸው ኪስ ከሆስፒታል የተሰጣቸውን የመድኃኒት ዕቃ አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከብርሃን ጋር አዛምደው አነበቡት።

«ዋርፋሪን» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

«ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ እንዴት ሳልሞት?»

«መጠኑ ነው አባባ» አልኩ ቸኩዬ። «እርስዎ እኮ በቀጠሮዎ እየሄዱ ደምዎ ይለካል።»

«አይጧንስ ማን ይለካላታል?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ አባቴ ከአይጦቹ ጋር ወገኑ። እውነታቸውን ነው። በዚህ ዓይነት መርዝ አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ በውስጧ እየደማች ቀናት ትቆያለች። እዚያው ኮርኒሱ ውስጥ ትሞትና ሽታዋን ለእኛ ትተዋለች። ያን ሽታ ያላወቀ ሰው ስለ መርዝ ባይመክረኝ እወዳለሁ፤ ዕጣን ቢጨስ፣ ከርቤ ቢጨስ፣ ሽታው ከዕጣኑ ጋር ተስማምቶ ይኖራል እንጂ አይወጣም። የተመረዘችውን አይጥ የበላች ድመት ወይም ጉጉትም ልትመረዝ ትችላለች። ስለ ጉጉት ካነሳሁ አይቀር፦ ጣሪያ ላይ ጉጉት ከጮኸች ከቤቱ ሰው ይሞታል ብለን በድንጋይ እናባርራታለን። የሚሞተው እኮ አይጥ ነበር!

ባለቤቴ ሙጫ ይሁን አለች። አይጧ ትጣበቃለች፣ በቃ። እኔ ግን እላለሁ፦ ከሰው ልጅ ፈጠራ ሁሉ ይህን ያህል ፈሪ ዕቃ የለም። ገዳዩ ገዳይ መሆኑን ሳያምን ይተኛል፤ አይጧ ሌሊቱን ሙሉ በሕይወት እየጮኸች ቆዳዋን ትገሸልጣለች፤ ሲነጋ ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ አስቸኳይ ጉዳይ ይገጥመዋል። እንግሊዞች ይህን ሙጫ በ2022 ሕግ አውጥተው ከልክለዋል፤ ከሐምሌ 2024 ማለቂያ ጀምሮ በእንግሊዝ ፈቃድ ካለው ባለሙያ በቀር ማንም አይጥን በሙጫ እንዲይዝ አይፈቀድለትም። አይጥን በሕግ አስከብረው ሲያበቁ ሻያቸውን በወተት ይጠጣሉ።

ጎረቤታችን እትዬ ድመታቸውን አዋሱን። ድመቷ ደርሳ ምድጃው ሥር ተጠቅልላ ተኛች፤ ወጥ ሲወጣ ብቻ ትነሳለች። አልፈርድባትም። ኒውዮርክ ውስጥ፣ ብሩክሊን በሚገኝ የቆሻሻ መልሶ መጠቀሚያ ስፍራ ተመራማሪዎች ድመቶችንና አይጦችን በካሜራ ሲከታተሉ ከርመው በ2018 ያወጡት ውጤት ይህን ይመስላል፦ በ79 ቀን የተገደሉት አይጦች ሁለት ናቸው። ያደገች አይጥ ትናከሳለች፤ ድመትም ሞኝ አይደለችም፣ ቀላል እንጀራ እያለ ጦርነት አትገባም።

ልጄ ግን ግድያ የሚባለውን ጭራሽ አልሰማም አለች። «አባዬ፣ አይጥ እኮ ይስቃል!» ጃክ ፓንክሴፕ የሚባሉ ሳይንቲስት አይጦችን እየኮረኮሩ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን የደስታ ድምፃቸውን በመሣሪያ መዝግበዋል።

«እኔ ያለ መሣሪያም እሰማታለሁ» አለች እናቴ። «በሽሮዬ ላይ ነው የምትስቀው።»

ልጄ ቀጠለች። በ2011 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት፣ አይጦች ተቆልፎባት የነበረችን ጓደኛቸውን በሩን ከፍተው አስወጥተዋል፤ ቸኮሌት አጠገባቸው ተቀምጦ እንኳ ብዙዎቹ እስረኛዋን ፈትተው ተካፍለው በልተዋል። ማጋዋ የተባለው፣ ታንዛኒያ የሠለጠነው ባለ ኪስ ጉንጭ ትልቅ አይጥ ደግሞ ካምቦዲያ ውስጥ 39 የተቀበሩ ፈንጂዎችን አሽትቶ አግኝቶ በ2020 የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። የእሱ ዘመዶች የሳንባ ነቀርሳንም ከአክታ ናሙና ላይ በማሽተት ይለያሉ።

አባቴ ኮርኒሱን ቀና ብለው አዩት። «የእኛዎቹስ ለምን ሥራ አይፈልጉም?»

ስለዚህ በሕይወት የሚይዝ የሽቦ ወጥመድ ገዛሁ። ለልጄ ቁርስ ውድ ነው ብዬ የተውኩትን የኦቾሎኒ ቅቤም ገዛሁላቸው፤ ባለቤቴ ይህን እስካሁን አልረሳችልኝም። አይጥ አዲስ ነገር ትፈራለች። ትናንት ያልነበረ ዕቃ መንገዷ ላይ ካየች ቀናት ታልፈዋለች፤ ዞራ ትሄዳለች። ብልሃቱ ወጥመዱን መጀመሪያ ሳያጠምዱ፣ በሩን ከፍቶ ምግብ እያስቀመጡ ማስለመድ ነው። አስለመድናት። ተያዘች። ልጄም «ወንዝ ዳር ትለቀቅ» ብላ ፈረደች።

በምሽት ወጥመዱን በነጠላ ሸፍኜ ወደ ቀበና ወንዝ ስወርድ ያላገኘሁት ሰው የለም። የሐበሻ ሰላምታ መቼም አጭር አይደለም፤ ቤተሰብ፣ ሥራ፣ ዝናብ፣ ኑሮ ሲጠየቅ ነጠላው ውስጥ ደግሞ አንዳች ነገር ይንጫጫል። አንዱ ዶሮ መስሎት ዋጋ ጠየቀኝ። ወንዙ ዳር ግንባታ የሚጠብቁ ሽማግሌ ዘበኛ ባትሪያቸውን አበሩብኝ።

«ምን ልትጥል ነው?»

«አልጥልም አባቴ፣ አይጥ ልለቅ ነው።»

ባትሪው ወደ ወጥመዱ፣ ከዚያ ወደ ፊቴ ተመለሰ። «ከየትኛው ወረዳ ነው የመጣችው?»

ነገርኳቸው።

«መሸኛ ይዛለች?»

ቀልዳቸው መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ይሁንና ከሳቁ በኋላ የነገሩኝ ከቀልድ በላይ ነበር። «ልጄ፣ ይህች የለመደችው ቤት አለ፤ ምግቡን ታውቃለች፣ ጉድጓዱን ታውቃለች። እዚህ ያሉት አያስጠጓትም። አንተ ነፍስ ያተረፍክ መስሎህ እንቅልፍ ትተኛለህ፤ እሷ ግን አትሰነብትም።» የእንስሳት ባለሙያዎችም የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በማታውቀው ስፍራ የተጣለች የቤት አይጥ አብዛኛውን ጊዜ ትሞታለች። ዕድሜ ከቀናትም የሌላ ሰው ኮርኒስ ታገኛለች።

አይጧን መልሼ ይዤ ወደ ቤት ስገባ ባለቤቴ ያየችኝን አስተያየት አልጽፈውም።

የቀረው አናጺ መጥራት ነበር። ስለ አይጥ የሚጻፈው ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኝ ነበር፤ መርዙም ወጥመዱም ቀዳዳው ክፍት እስካለ ድረስ ለአዲስ ተከራይ ቦታ ማስለቀቅ ነውና። ጥቁር አይጥ አውራ ጣት በሚያስገባ ቀዳዳ፣ ማለትም 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ በምትሆን ክፍተት ታልፋለች። በእኛ ቤት ቀዳዳ የሚባለው ግን ቆርቆሮው በግድግዳው ላይ ያረፈበት ጫፍ ሁሉ ነው፤ የቆርቆሮው ሞገድ እያንዳንዱ ከፍታ አንድ በር። የመብራት ሽቦው የገባበት ቦታ አለ። ጣሪያውን የነካው የአቮካዶ ቅርንጫፍም አለ፤ እሱ ዋናው አስፋልት ነው። ቅርንጫፉን ቆረጥን። የጤፍና የበርበሬ ማዳበሪያዎቹ ክዳን ባለው በርሜል ገቡ። ሳሙናው ሳይቀር ተቆለፈ፤ አይጥ ሳሙና ትበላለች፣ ሞራ አለውና።

«አሁን ሁሉን በሽቦ ወንፊትና በስሚንቶ ድፈንና አንዷን ቀዳዳ ተውልኝ» አልኩት አናጺውን። «እሷ ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት መዝጊያ ትሠራለህ። ይወጣሉ፣ አይመለሱም።»

ምስማሩን ከአፉ አወጣ። «ጋሼ፣ ለአይጥ በር ልሥራ?»

«አዎ።»

«ማጠፊያ ያለው?»

«ማጠፊያ ያለው።»

«እጀታስ?» አለና ዋጋው ላይ ጨመረ።

እርግጥ ጥንቃቄ አለው። ላይ ጫጩት ያህል ያልሞሉ ግልገሎች ካሉ በሩ ሳይዘጋ ይቆያል፤ አለበለዚያ እናት ውጭ ቀርታ ልጆቿ በረሃብ ያልቃሉ፤ እሷም ለመግባት ግድግዳውን ትበላዋለች። በማታ የተተወችው ቀዳዳ አፍ ላይ ዱቄት ይነሰነሳል፤ ጠዋት የእግር ዱካ ከሌለበት ቤቱ ባዶ ነው። እናቴ ዱቄቷ ለዚህ ሲውል እያየች ስንት ጊዜ እንዳማተበች እግዜር ይወቀው። ዱካው ሲጠፋ የመጨረሻዋም ቀዳዳ ተደፈነች። ወንዝ ዳር ሄዳ የተመለሰችውም በዚሁ በር ወጥታ፣ የምታውቀው ግቢ ውስጥ ቀርታለች። የት እንደከተመች እትዬ እንዳይሰሙ እንጂ እገምታለሁ።

ከዚያ ጽዳት። የአይጥ ፍግ ደረቁን አይጠረግም፤ አቧራውም ሽንቱም በሽታ ሊያመጣ ይችላል። በረኪና በውኃ በጥብጠን እያረስን፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርገን ነው ያወጣነው። የሚንከባለለው ክብ ነገር የደረቀ ሎሚ ነበር። ጧፍ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የመሶብ ስንጥር፣ የልጄ የሒሳብ ደብተር ግማሹ ተገኘ፤ ለመምህሯ «አይጥ በላብኝ» በማለቷ የተቆጣናት ያ ደብተር። ከሁሉ መሀል፣ ክብ ሆኖ እንደ አልጋ የተነጠፈው ግን የእድር ደረሰኝ ነው።

እዚህ ላይ መዝገቡ ይታይልኝ። ባለፈው ዓመት «ከፍለሃል» «አልከፈልክም» በሚል ከእድሩ ጋር ተካስሰን፣ ደረሰኝ ማቅረብ አቅቶኝ ቅጣት ተጥሎብኛል። አሁን ማስረጃው እጄ ገባ! ቁርጥራጩን አድርቄ፣ በላስቲክ አሽጌ፣ በወሩ ስብሰባ በደስታ አቀረብኩ።

ጸሐፊው አገላብጠው አዩት። ለዳኛው አቀበሉ። ዳኛው አሸተቱትና ለገንዘብ ያዡ አሳለፉት።

«ማኅተሙ አለ» አሉ ገንዘብ ያዡ። «ስምህም አለ። ገንዘቡ የተጻፈበትን በልታዋለች።»

«አይጥ እኮ ናት!»

«እናውቃለን ልጄ፣ በአገራችን ሒሳብ ሲጎድል ሁልጊዜ አይጥ ናት» አሉና ቅጣቱ እንዲጸና በእጅ ብልጫ ተወሰነ።