ሳይወዳደሩ የሚሸነፉበት ጥበብ

በብስክሌት ዳውንሂል ልትወዳደር ወደ አልፕስ ተራሮች ልትሄድ ነው አሉ። ይበል! አባትህ «ሰው አገር ድረስ ሄዶ ገደል መግባት ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ቢሉ አትስማቸው። እናትህም «ቁልቁለቱን ተወውና እንደ አገርህ ልጆች አትሮጥም ወይ?» ቢሉ ሳቅ ብለህ እለፍ። እነሱ የሚፈሩት መውደቅህን ነው። የሠለጠነ ሽንፈት ግን መውደቅን እንኳ አይጠይቅም፤ አብዛኛው የሚጠናቀቀው ብስክሌቱ ከካርቶኑ ሳይወጣ ነው።

በመጀመሪያ ሁሉን ነገር በድፍረትህ ላይ ጣል። ስፖርቱን ለማያውቅ ሰው ዳውንሂል ማለት ከተራራ አናት ላይ ፍሬን ለቅቆ መውረድ ነው፤ አንተም እንዲሁ እመን። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት የመስመሩን ርዝመት ከ1.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር፣ የመውረጃውን ሰዓት ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ወስኖታል። አምስት ደቂቃ ለማይሞላ ነገር ምን ዝግጅት ያስፈልጋል? በ2009 ካንቤራ ላይ እንግሊዛዊው ስቲቭ ፒት ደቡብ አፍሪካዊውን ግሬግ ሚናርን በ0.05 ሰከንድ ቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን መሆኑን የሚያስታውስህ ቢኖር «ዕድል ነው» በለው። ፒት ከዚያ በፊት አራት ጊዜ የብር ሜዳሊያ ይዞ መመለሱን ቢጨምርልህ «ያም ዕድል ነው» በል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የምትሸነፈውም ፈረንጅ አገር ስለሆነ።)

ቀጥሎ «እኛ ከፍታ ላይ ነው ያደግነው» የሚለውን ክርክር አዘጋጅ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የዓለም ዋንጫ የሚስተናገድባት የፈረንሳይዋ ሌ ጄ መንደር ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ሳንባህ ይበልጣቸዋል፣ አለቀ! ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ የሚከዳህ ሳንባህ ሳይሆን ክንድህ መሆኑን ማንም አይንገርህ። ሥርና ድንጋይ መሪውን ሲንጡት ክንድ ይደርቃል፣ ጣት ፍሬን መያዙን ያቆማል፤ ያኔ ቁልቁለቱ ገና አላለቀም። ይህ የሚለመደው ደጋግሞ በመውረድ ብቻ ነው። በፈረንሳይዋ ሞርዚን የከረሙ ልጆች የተራራ ሊፍት ላይ ቁጭ ብለው እየወጡ ከምሳ በፊት አንተ በሳምንት የማትወርደውን ይወርዳሉ። እንጦጦ ላይ ሊፍት የለም፤ ፒክአፕ ተከራይቶ ጓደኛን ሾፌር ማድረግ ይቻል ነበር፣ ግን ለምን ትደክማለህ? ብስክሌቱን እየገፋህ ውጣ፣ ሁለቴ ውረድ፣ ማኪያቶህን ጠጣ፣ «ልምምድ ላይ ነበርኩ» በል።

አሠልጣኝ ካስፈለገህም የመንገድ ብስክሌት አሠልጣኝ ፈልግ። የብስክሌት ታሪካችን የሚያኮራ ነው፤ ገረመው ደምቦባ በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ተወዳድሯል፣ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሁለቱም በአስፋልት። በዳውንሂል ደንብ ከመስመሩ ርዝመት ውስጥ አስፋልት ሊሆን የሚችለው ቢበዛ 3 በመቶው ነው። እነዚያን ጥቂት ሜትሮች አሳምረህ ታልፋቸዋለህ።

አሁን ወደ ትልቁ ጥበብ፣ ወደ ቪዛው እንግባ። ማመልከቻህን ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አስገባ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በ2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባጠበቀው ውሳኔ የሸንገን ቪዛ መደበኛ የምርመራ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። አንተ ግን ድሮ በሁለት ሳምንት ቪዛ የደረሰለት አንድ ዘመድ አታጣም፤ እሱን ስማ። ቅጹ ላይ የጉዞውን ዓላማ ሲጠይቅህ «ስፖርት» የሚል ሳጥን ታያለህ። እለፈውና «ቱሪዝም» ላይ ምልክት አድርግ። ከዚያ አገጭ ድረስ የሚሸፍን ሄልሜት፣ የጀርባና የጉልበት መከላከያ፣ 16 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌትና ሦስት ትርፍ ጎማ ይዘህ ኤርፖርት ድረስ፤ ሙዚየም ልታይ እንደመጣህ ለፖሊሱ በእርጋታ አስረዳው።

ይኸው የምክር ቤቱ ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትንም አስቀርቷል። ተስፋ እንዳትቆርጥ፤ ይህ ለሽንፈት የተዘጋጀ ሲሳይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የምታስገባዋን ቪዛ እጅህ ስታስገባ የውድድር ካላንደሩን አውጣና አንዶራን በቀይ አክብብ። አንዶራ በፈረንሳይና በስፔን መሃል የተወሸቀች ትንሽ ተራራማ አገር ናት፤ ፓል አሪንሳል ላይ የዓለም ዋንጫ ታዘጋጃለች። የመንገደኛ አውሮፕላን የሚያርፍበት ኤርፖርት የላትም፤ የሸንገን አባልም አይደለችም። በፈረንሳይ በኩል በመኪና ትገባለህ። ስትገባ ምናልባት ቀና ብሎ የሚያይህም አይኖርም። ስትወጣ ግን በሕጉ መሠረት ለሁለተኛ ጊዜ ሸንገን መግባትህ ነው፤ ቪዛህ ደግሞ «አንዴ» ነው የምትለው። እሁድ ውድድሩ ያልቃል፣ ቡድኖቹ ድንኳናቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። አንተ ትቀራለህ። ከዚያ አገር አለችግር የሚያጓጉዝህ ነገር ሊፍቱ ብቻ ነው፤ እሱም የሚወስድህ ወደ ላይ ነው።

አንዶራ ካልጣመችህ ፎርት ዊልያም አለልህ። ስኮትላንድ ሌላ መንግሥት፣ ሌላ ቅጽ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ አሻራ ነው፤ ከዚያ ወደ አልፕስ ልመለስ ስትል ያቺው ነጠላ ቪዛ ትጠብቅሃለች። ቪዛ የማይጠየቁት የኒውዚላንድና የአውስትራሊያ ልጆች እንኳ በመደበኛው ደንብ በሸንገን አገሮች መቆየት የሚችሉት በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። የውድድሩ ወቅት ከፀደይ እስከ መኸር ስለሚዘልቅ ቀናቸውን እንደ ሂሳብ ሹም እየቆጠሩ፣ ትርፉን ሳምንት ብሪታንያ እየዋሉ ነው የሚጨርሱት። አንተ አትቁጠር። የቆጠረ ሰው ይደርስበታል።

ስለ ነጥብ ብዙ አልልህም። የዓለም ዋንጫ ገንዘብ የከፈለ ሁሉ የሚገባበት አይደለም፤ ከአነስተኛ ዓለም አቀፍ ውድድሮች የተሰበሰበ ነጥብ ይጠየቃል፣ ምዝገባውም በብሔራዊ ፌዴሬሽን ፈቃድ ነው። ስለዚህ ትንንሾቹን ናቃቸው፤ በቀጥታ ሌ ጄ ሂድና በር ላይ ቁም።

ብስክሌቱን ማሸግ የራሱ ጥበብ አለው። ጎማዎቹን ስትፈታ በፍሬን ሸራዎቹ መሃል መግባት ያለባትን ትንሽ ፕላስቲክ ቁራጭ ወዲያ ጣላት። ካርቶኑ በሻንጣ ማመላለሻው ላይ ሲንገላታ አንድ ሌላ ሻንጣ የፍሬን እጀታውን ጭምቅ ያደርግልሃል፤ ፍሬኑ በዘይት ግፊት የሚሠራ ስለሆነ ሸራዎቹ ተገፍተው ከንፈር ለከንፈር ይገጥማሉ። ሌሊቱን ጄኔቭ ደርሰህ፣ ንጋት ላይ ሞርዚን ገብተህ፣ ጎማውን ልትገጥም ስትል ዲስኩ አልገባ ይላል። እዚህ ላይ ትልቁን ካቻቢቴ አንሳና በኃይል ፈልቅቅ። ፒስተኑ ከተሰነጠቀልህ ተሳክቶልሃል፤ ውድድሩ ቅዳሜ ነው፣ የመለዋወጫ ሱቁ ደግሞ ዕቃው «ሰኞ ይመጣል» ይልሃል። ዋጋውን በዩሮ ይነግሩሃል፤ አንተ በልብህ በብር ተርጉመው።

መስመሩን በእግር ማየት የሚባል ነገር አለ። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ተወዳዳሪዎች ሁሉ ከላይ እስከ ታች በእግራቸው ይወርዳሉ። ጣሊያን ቫል ዲ ሶሌ ላይ «ጥቁር እባብ» የሚሉት መስመር ጥድ በጥድ ነው፤ አፈሩ ተጠርጎ የዛፉ ሥር አጥንቱ ወጥቷል፣ የሺህ ጎማ መመላለስ አልስልሶታል። እዚያ አንዱን ታያለህ፣ አንድ ሥር ፊት ቆሞ የቀረ። በጫማው ይነካዋል። ሦስት ሜትር ወደ ላይ ይመለስና ብስክሌት ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጎንበስ ብሎ በዚያ ቁመት ያየዋል። ከታች ዞሮ ያየዋል። ሥሩ አግድም ከሆነ ጎማ ላዩ ላይ ሳለ ፍሬን እንደማይያዝ ያውቃል፤ ስለዚህ የሚፈልገው ከሥሩ በፊት ፍሬን የሚለቅበትን ቦታ ነው። ያገኘዋል፤ አንድ ቅርንጫፍ ወይ አንድ ነጭ ድንጋይ ምልክት ያደርግና ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ሌሎቹም እንደዚሁ፤ ግማሽ ቀን ያልቃል።

አንተ ከዚህ ሁሉ ፎቶ ተነሣ። ከጀርባህ ተራራው እንዲገባ አድርግ። ከዚያ ሊፍቱን ያዝና ወደ ምሳህ ሂድ። ደንቡ ቢያንስ ሁለት የልምምድ ዙር ያስገድዳል፤ ልክ ሁለቱን ብቻ ውረድ፣ ሁለቱንም በጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ። መስመሩ እንደማይለወጥ እመን። ዓርብ የነበረው አፈር እሁድ ጉድጓድ፣ ዓርብ የነበረው ሥር እሁድ ደረጃ መሆኑ ያንተ ጉዳይ አይደለም። ዝናብ ከጣለም ጎማ አትቀይር። በ2011 ስዊዘርላንድ ሻምፔሪ ላይ በጭቃ ውስጥ ዳኒ ሃርት ሁለተኛውን ከ11 ሰከንድ በላይ ጥሎት የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ያ ቀን ሁሉም ሰው የሚደግመው ነገር ነው።

እንዲያውም ከታላላቆቹ ስትማር ምንጊዜም የተሳሳተውን ነገር ውሰድ። አሜሪካዊው አሮን ግዊን በ2015 ኦስትሪያ ሊዮጋንግ ላይ ገና ከመነሻው ሰንሰለቱ ተበጥሶበት ፔዳል ሳይመታ አሸንፏል። ከዚህ የምትማረው ሰንሰለት መቀየር ገንዘብ ማባከን መሆኑን ነው እንጂ፣ ሰውየው ፍሬን በመቆጠብ ፍጥነቱን ከላይ እስከ ታች ጠብቆ ማውረዱን አይደለም። አውስትራሊያዊው ሳም ሂል በ2008 ቫል ዲ ሶሌ ላይ ሁሉንም በብዙ እየመራ መድረሻው አካባቢ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ተነሥቶም ሦስተኛ ወጣ። አንተ ከእሱ መውደቁን ብቻ ውሰድ። «አፍሪካዊ ምን አግብቶት» ለሚልህ ደግሞ መልስ አትስጥ፤ የፒተርማሪትዝበርጉ ልጅ ሚናር በ2003፣ በ2012፣ በ2013 እና በ2021 አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን መሆኑን፣ ሦስተኛውንም የትውልድ ከተማው ላይ መውሰዱን ከተናገርክ ሰበብህን አጣህ።

ኑሮውን በተመለከተ፦ አሮጌ ቫን፣ አራት ሰው፣ አንድ ምድጃ፣ ያልደረቀ ካልሲ። በዚህ ላይ ለመሸነፍ ምክር አያስፈልግም።

ሄልሜቱን ሰልባጅ ግዛ። አንድ ጊዜ በደንብ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ሥራውን እንደጨረሰ አትስማ፤ ቀለሙ ካማረህ በቂ ነው። ከወደቅህ በኋላ ሐኪሙ ቀኑንና ቦታውን ሲጠይቅህ «ደህና ነኝ» በል፤ ቀኑ ስንት እንደሆነ ባታውቅም በል። ራስ ምታቱን ከጓደኞችህ ደብቅ፣ ከሰዓት ተመልሰህ ውጣ።

ኢንሹራንሱንም ርካሹን። ለቪዛው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል፤ ያንን ከቪዛ ቢሮው አጠገብ በአሥር ደቂቃ ያትሙልሃል። ቪዛህን ታገኛለህ። ወረቀቱን አጣጥፈህ ፓስፖርትህ ውስጥ አስቀምጠው፤ አትግለጠው።

እዚህ ላይ ፌዙን ላቁም። ከእነዚያ ወረቀቶች ብዙዎቹ በመጨረሻ ገጻቸው ላይ «ውድድር» የሚለውን ቃል ከማይሸፍኗቸው ነገሮች ውስጥ ጽፈውታል። ለቆንስላው በቂ የሆነው ወረቀት ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ ባዶ ወረቀት ነው፤ ሂሳቡ ለአንተ፣ አንተ ካልቻልክ ለቤተሰብህ ይላካል። ብስክሌቱን ሽጠህም ቢሆን ውድድርንና ከተራራ ማንሣትን በስም ጠቅሶ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ግዛ፤ ከመፈረምህ በፊትም ያቺን የመጨረሻ ገጽ እንግሊዝኛ ከሚችል ሰው ጋር ቁጭ ብለህ አንብባት።