ከሁሉ የሚጣበቅ፣ ከወንድሙ የሚጣላ

ፓቱላ ከሚባለው ባለ ሙጫ ዛፍ የተሰነጠቀ ጣውላ የማይጣበቅበት ነገር የለም። ከመጋዝ ጥርስ፣ ከመላጊያ ስለት፣ ከአናጢ መዳፍ ጋር ይጣበቃል፤ ለበዓል የተገዛ ሱሪ ካገኘማ ጭራሽ አይለቅም። እምቢ የሚለው ከወንድሙ፣ ከሌላው የፓቱላ ጣውላ ጋር በኮላ ተጋጠም ሲባል ነው።

ጠቡ ምክንያት አለው። ፓቱላና የቅርብ ዘመዶቹ በግንዳቸው ውስጥ ሙጫ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሏቸው፤ ዛፉ ሲቆስል ቁስሉን የሚደፍነው በዚሁ ሙጫ ነው። ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ጣውላ ከሆነ በኋላም ልማዱን አይተውም፤ ከተላገ በኋላ ውሎ ሲያድር ሙጫው ቀስ እያለ ወጥቶ ገጹን ይቀባዋል። ነጩ የአናጢ ኮላ ደግሞ በውኃ የተበጠበጠ ስለሆነ ወደ እንጨቱ ካልሰረገ አይዝም። ሙጫው ውኃ ስለማያሳልፍ ኮላው ደጅ ሲጠና ውሎ እዚያው ደጁ ላይ ይደርቃል። መጋጠሚያው ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ የሚከፈተው ጠረጴዛው በእንግዳ በተከበበበት ቀን ነው።

የጣውላው ሐሳብ በአንድ ጠብታ ውኃ ይታወቃል። ጠብታው ቶሎ ተዘርግቶ ከሰረገ ገጹ ንጹሕ ነው፤ ድቡልቡል ብሎ ከተቀመጠ ሙጫው ቀድሟል።

መድኃኒቱ ከማድረቅ ይጀምራል። በማድረቂያ ክፍል ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የቆየ ጣውላ የሙጫው ተናኝ ዘይት ስለሚበን ቀሪው ይጠነክራል፤ በፀሐይ ብቻ የደረቀው ግን ገና ያለቅሳል። ቀጥሎ የመጋጠሚያው ጠርዝ በተሳለ መላጊያ ይላጋል፣ በዚያው ዕለትም ይጣበቃል። ሙጫው የበዛ ከሆነ ጠርዙ በአሴቶን በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ አሴቶኑ እንደተነነ ኮላው ይቀባል። ከባለቤቱ መስተዋት ሥር የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚያነሣ አናጢ ሁለት ጊዜ ይከስራል፦ ብዙዎቹ ለጥፍር ማለስለሻ ዘይት የተጨመረባቸው በመሆናቸው ለኮላው ሌላ እንቅፋት ናቸው፤ በቤት የሚመጣው ጣጣ ደግሞ በኮላ አይጠገንም።

ለስላሳ እንጨት ሲጣበቅ በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ ከ7 እስከ 10 ኪሎ የሚደርስ ግፊት ይፈልጋል። 2 ሴንቲ ሜትር የሚወፍርና 1 ሜትር የሚረዝም መጋጠሚያ እንግዲህ ቢያንስ 1400 ኪሎ ይጠይቃል። ይህ ሁለት ብሎኬት በመጫን ወይም የጎረቤት ልጅ በማስቀመጥ አይገኝም። ሞርሳዎች ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር እየተራራቁ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እየተፈራረቁ ይታሰራሉ፤ ሁሉም ከአንድ ወገን ከሆኑ ጣውላው ይጎብጣል። በመጋጠሚያው ዳር ተከታታይ የኮላ ነጠብጣብ ብቅ ሲል ኮላው በቅቷል። ያንን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ኮላውን ወደ እንጨቱ ያሰርገዋል፤ ቫርኒሽ ሲቀባም ነጣ ያለ ጥላ ሆኖ ይታያል። ጎማ እስኪመስል ጠብቆ በመሮ መፋቅ ይሻላል።

ብርድ ሌላው ጠላት ነው። ብዙው ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም፤ በደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት በረንዳ ላይ ያደረ መጋጠሚያ ውስጡ እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። አየሩ ሞቅ ባለበት ሞርሳው ከ1 ሰዓት በኋላ ሊፈታ ይችላል፤ ሙሉ ጥንካሬው ግን 24 ሰዓት ይፈልጋል። አናጢ «ነገ ና» በማለቱ ይታማል እንጂ፣ በዚህ ጉዳይ «ነገ» ያለው እውነቱን ነው።

ሥራው የያዘ መሆኑ የሚረጋገጠው አብሮ የተጣበቀ ቁራጭ በመስበር ነው። ስብራቱ ከመጋጠሚያው ጎን እንጨቱን ከቀደደ ኮላው ከእንጨቱ በልጧል። በመስመሩ ላይ ተከፍቶ የሚያብለጨልጭ ገጽ ካሳየ ግን ያሸነፈው ሙጫው ነው፤ ጠርዙ እንደገና ይላጋል። ቀለም የሚቀባ ከሆነ ጉጦቹ አስቀድመው በጎማላካ ይደፈናሉ፤ አለበለዚያ ሙጫው በቀለሙ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይወጣል።