ክሩስቼቭን ያስቆጣው ግስ

«ሚስካልኩሌት» የተባለው የእንግሊዝኛ ግስ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ በመዝገብና በካልኩሌተር ዙሪያ ነው፤ ሲደመር፣ ሲባዛ ወይም ሲለካ የተሳሳተ ሰው ይጠራበታል። ሌላው ከፍ ባለ ወንበር ላይ ነው፤ የባላንጣውን ልብ ወይም የራሱን አቅም ሳያውቅ ገብቶ ጉድ የሆነ መሪ ይነገርበታል። ግሱ ተሳቢ ይዞም ሳይዝም ያገለግላል። ተሳቢ የሌለው ለፖለቲከኛ ይመቻል፤ ምኑን እንደሳተ መናገር አይጠበቅበትማ።

ለመጀመሪያው ፍቺ የ1983ቱ የኤር ካናዳ በረራ ይበቃል። ካናዳ ወደ ሜትሪክ መለኪያ እየተሻገረች ነበር፤ አዲሱ ቦይንግ 767 ነዳጁን በኪሎግራም ይቆጥራል፣ ሠራተኞቹ ግን በፓውንድ ለምደዋል። የነዳጅ መለኪያው በመበላሸቱ ሒሳቡ በእጅ ተሠራ፤ ሊትሩ በ0.8 መባዛት ሲገባው በ1.77 ተባዛ። 22,300 ኪሎግራም ሞልተናል ሲሉ የያዙት 22,300 ፓውንድ፣ ማለትም ከግማሽ በታች ነበር። ሞተሮቹ ሰማይ ላይ ጠፉ። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን እያንሳፈፉ ጊምሊ ወደሚባል የቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ አወረዱት። ማረፊያው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ሆኖ ስለነበር፣ ውድድር ሊያዩ የመጡ ቤተሰቦች ድምፅ የሌለው ጄት መጣባቸው። የሞተ ሰው ግን የለም።

ሁለተኛው ፍቺ በጁን 1961 ቪየና ላይ ሊያጣላ ደርሷል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የኒውክሌር ጦርነት ማንም ሳይፈልገው፣ በተሳሳተ ግምት ብቻ ሊነሣ ይችላል የሚል ስጋት ስለነበራቸው ቃሉን አነሡ። የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ክሩስቼቭ በአስተርጓሚ ሲሰሙት ደማቸው ፈላ። ቃሉ ድፍንፍን ያለ ነው አሉ፤ አሜሪካ የምትፈልገው ሶቪየት ኅብረት እንደ ተማሪ እጇን ዴስክ ላይ አድርጋ እንድትቀመጥ ነው ሲሉም ወቀሱ። ኬኔዲ ነገሩን ለማለዘብ የራሳቸውን ወገን ጥፋት ዘረዘሩ፦ በኮሪያ ጦርነት ቻይና ምን እንደምታደርግ አልታወቀም ነበር፤ በኩባም ጉዳይ እርሳቸው ራሳቸው ተሳስተዋል። ይህ ብርቅ ነው፤ ግሱ በአንደኛ መደብ ሲረባ እምብዛም አይሰማም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው «እነሱ» ነው። ክሩስቼቭ በቀጣዩ ዓመት ሚሳኤሎቻቸውን በድብቅ ኩባ አስገብተው ሲደረስባቸው፣ ድፍንፍን ያለው ቃል ከበቂ በላይ ተብራራላቸው።

የግሱ ዘመዶች «ኦቨርኤስቲሜት» እና «አንደርኤስቲሜት» ናቸው፤ አንዱ አጋንኖ፣ ሌላው አሳንሶ መገመት ነው። ሁለቱም በራሳቸው ስህተትን ይናገራሉና «ሚስ» የሚለውን የስህተት ቅድመ ቅጥያ አይሹም። በኖቬምበር 2000 ግን ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ አርካንሳስ ውስጥ በምርጫ ቅስቀሳ ላይ ተቃዋሚዎቻቸው «ሚስአንደርኤስቲሜት» እንዳደረጓቸው ተናገሩ። ቃል በቃል ከተወሰደ፣ ሰዎቹ አሳንሰው ለመገመት ሞክረው እሱንም ስተውታል ማለት ነው። ሰዋስው ዐዋቂዎች ሲስቁ ሰውየው ኋይት ሐውስ ገቡ፤ ስምንት ዓመት ቆይተውም በ2009 በመጨረሻው ጋዜጣዊ መግለጫቸው ጋዜጠኞቹን በዚያችው ቃል ወቅሰው ተሰናበቷቸው።